ከፕሮፖዛል ወደ ኢንቮይስ፦ ሁለት ሶፍትዌሮች ሲነጋገሩ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ደንበኛው የሥራ ፕሮፖዛሉን ሰኞ ይፈርማል፤ ሥራው ረቡዕ ይጀመራል። የክፍያ መጠየቂያው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይላካል። ይህ በአነስተኛ የአገልግሎት ድርጅቶች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የደንበኛው እምቢታ አይደለም። በአንድ ሶፍትዌር ተጽፎ የተፈረመውን ዋጋ፣ ሌላ ሶፍትዌር ከፍቶ እንደገና የሚጽፍ ሰው ጊዜ ስለሚያጣ ነው። የ30 ቀን የመክፈያ ጊዜ የሚቆጠረው ከመጠየቂያው ቀን ጀምሮ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከፊርማው በኋላ ሃምሳ ቀን አልፎት ይገባል ማለት ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ግን ይህን ያህል አይታገሡም።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት፣ ለደንበኛ ፕሮፖዛል የሚዘጋጅባቸውን ሶፍትዌሮች ከሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌሮች ጋር ማገናኘት እየተለመደ መጥቷል። እንደ ፓንዳዶክና ፕሮፖዚፋይ ያሉት የመጀመሪያውን፣ እንደ ኩዊክቡክስና ፍሬሽቡክስ ያሉት ደግሞ ሁለተኛውን ሥራ ይሠራሉ። የማስታወቂያዎቹ ተስፋ አጭር ነው፦ ደንበኛው ሲፈርም ኢንቮይሱ በራሱ ተዘጋጅቶ ይላካል። ተስፋው እውነትነት አለው። ነገር ግን ማሽን ትክክለኛውን ቁጥር በሚያስተላልፍበት ታማኝነት ስሕተቱንም ያስተላልፋል። ስለዚህ የግንኙነቱ ዋና ጥያቄ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ በየትኛው ቅጽበት፣ በማን ፈቃድ፣ ምን እንደሚመዘግብ የመወሰን ጉዳይ ነው።

ቃል የተገባውና የተፈጸመው

በቅድሚያ ሁለቱ ሶፍትዌሮች የሚይዙት መረጃ በባሕርይው የተለያየ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ፕሮፖዛል የወደፊቱን ይናገራል፦ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ዋጋ፣ እስከ መቼ። ዋጋው በድርድር ይቀንሳል፣ አንድ መስመር ይሰረዛል፣ ሌላ ይጨመራል። የሒሳብ መዝገብ ግን የሆነውን ይናገራል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ነገር ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ቢሳሳት እንኳ የሚታረመው በሌላ ምዝገባ ነው።

ይህ ሥርዓት የቆየ ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የከተማዋ ነጋዴዎች ይጠቀሙበት የነበረውን የድርብ ምዝገባ ዘዴ አብራርቶ አቅርቧል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ግብይት በሁለት ቦታ ይመዘገባል፤ በአንድ በኩል ዴቢት ሲደረግ በሌላ በኩል እኩል መጠን ክሬዲት ይደረጋል። ዛሬ በስልክ የሚከፈተው የሒሳብ ሶፍትዌርም ከውስጡ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ሁለቱን ማገናኘት ማለት እንግዲህ ቃል ከተገባበት መዝገብ ወደ ተፈጸመበት መዝገብ መረጃ ማሻገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ በስሕተት የተጻፈም ይወረሳልና።

መልእክቱ እንዴት ይሻገራል?

የንግድ ሰነድን በሰው እጅ ሳይገለበጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፍ ሐሳብ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1948 ከተጀመረው የበርሊን የአየር ድልድይ ነው። ወደ ተከበበችው ከተማ ምግብና የድንጋይ ከሰል ሲጓጓዝ፣ ከተለያዩ አገሮች የሚመጣው የጭነት ዝርዝር በተለያየ ቋንቋና መልክ ይጻፍ ስለነበር ሥራው ተደናቀፈ። ኤድዋርድ ጊልበርት የተባለው የአሜሪካ ጦር ባልደረባና ጓዶቹ በቴሌክስም በስልክም ሊተላለፍ የሚችል ወጥ የጭነት ዝርዝር አዘጋጁ። ጊልበርት በኋላ ይህንኑ ልምድ ወደ ኢንዱስትሪው ዓለም ወስዶ፣ የኤሌክትሮኒክ የመረጃ ልውውጥ ለሚባለው ዘርፍ መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆኗል።

የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች የሚነጋገሩት ኤፒአይ በሚባል በር ነው። ኤፒአይ አንድ ሶፍትዌር ለሌሎች ሶፍትዌሮች የሚከፍተው መስኮት ነው፤ ምን መጠየቅ እንደሚቻልና መልሱ በምን መልክ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተደነገገ ነው። ከዚህ ጋር የሚሠራው ሌላው ዘዴ ዌብሁክ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጄፍ ሊንድሴ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። የሁለቱን ልዩነት በፖስታ ቤት መመሰል ይቻላል። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ በየሰዓቱ ፖስታ ቤት መመላለስ አንድ መንገድ ነው። ደብዳቤው በደረሰ ጊዜ ፖስታ ቤቱ ራሱ እንዲደውል ማድረግ ሌላ መንገድ ነው። ዌብሁክ ሁለተኛው ነው፤ ደንበኛው በፈረመ ቅጽበት የፕሮፖዛሉ ሶፍትዌር ለሒሳቡ ሶፍትዌር ይደውላል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሠራ አንድ የጽዳት አገልግሎት ድርጅት አለ እንበል። አንድን የቢሮ ሕንፃ ለስድስት ወር ለማጽዳት በወር 2,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 12,000 ዶላር የሚል ፕሮፖዛል ያቀርባል፤ ግማሹ በቅድሚያ እንዲከፈል ይስማማሉ። ደንበኛው በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሲፈርም፣ የደንበኛው ስምና አድራሻ፣ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ነጠላ ዋጋውና የታክስ መጠኑ በተወሰነ መልክ ተጠቅልለው ይላካሉ። የሒሳቡ ሶፍትዌር ደንበኛውን ከመዝገቡ ይፈልጋል፣ ካላገኘው አዲስ ይከፍታል፣ ከዚያም የ6,000 ዶላር መጠየቂያ ያዘጋጃል። ሁሉም ነገር በሰከንዶች ይጠናቀቃል።

ሁለቱ ሶፍትዌሮች በቀጥታ የማይተዋወቁ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተመሠረተው እንደ ዛፒየር ያሉ አገናኝ አገልግሎቶች በመካከል ገብተው ያስተረጉማሉ። በኢንተርኔት የማይሠራ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተጫነ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ድርጅትም ከነጭራሹ አልተገለለም። በኢትዮጵያ ብዙ የሒሳብ ባለሙያዎች ሙያውን የተለማመዱበት፣ ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም የሚጠራው ፒችትሪ የዚህ ዓይነቱ ነው። እንዲህ ባሉት ላይ መረጃውን በሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ በየሳምንቱ ማስገባት ይቻላል። ቅጽበታዊ ባይሆንም ድጋሚ መጻፍን ያስቀራል።

ድልድዩ የሚሰበርባቸው ቦታዎች

ግንኙነቱ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም። የመጀመሪያው አደጋ አንድ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ መፈጠሩ ነው። የፕሮፖዛሉ ሶፍትዌር መልእክቱን ይልካል፤ የሒሳቡ ሶፍትዌር ተቀብሎ ይመዘግባል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን በመስመር መቋረጥ ምክንያት መንገድ ላይ ይቀራል። ላኪው አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። ብዙዎቹ የዌብሁክ አገልግሎቶች መልእክት ከሚጠፋ ቢደገም ይሻላል በሚል መርሕ ስለሚሠሩ ድግግሞሹ የሚጠበቅ ነገር ነው። መፍትሔው የዕድር ጸሐፊ መዋጮ ሲቀበል ከስሙ አጠገብ ምልክት እንደሚያደርገው ነው። እያንዳንዱ ፕሮፖዛል የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ያንን ቁጥር ቀድሞ ካየው ሁለተኛ ኢንቮይስ አይከፍትም።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ ይህ በተለይ ኢትዮጵያውያንን የሚነካ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ በ«ቲ» ሌላው ጋ በ«ኤስ» ይጀምራል። የአባት ስም በአንዱ ቅጽ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገባ፣ በሌላው የመካከል ስም ይሆንና የአያት ስም በመጨረሻ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩ ደንበኛን የሚለየው በስም ብቻ ከሆነ፣ አንዷ ደንበኛ ሁለት ሰው ትሆናለች፤ ዕዳዋ በአንዱ ገጽ፣ ክፍያዋ በሌላው ገጽ ይቀመጣል። የከፈለች ሴት እንዳልከፈለች ተቆጥራ የማስታወሻ ደብዳቤ ሲደርሳት፣ የሚጎዳው ድርጅቱ በዓመታት የገነባው መተማመን ነው። ስለዚህ ደንበኛ የሚታወቀው በመለያ ቁጥር ወይም በታክስ ከፋይነት ቁጥር እንጂ በስም አጻጻፍ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው የሳንቲም ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሮች የአስርዮሽ ቁጥሮችን በውስጣቸው የሚይዙት በሁለትዮሽ ስለሆነ፣ በተለመደው አሠራር 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ውጤቱ 0.30000000000000004 ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ሲባል በጥንቃቄ የተሠሩ የገንዘብ ሶፍትዌሮች ዶላርን በሳንቲም ቆጥረው በሙሉ ቁጥር ይይዛሉ፣ ወይም ለአስርዮሽ ስሌት የተዘጋጀ ልዩ የቁጥር ዓይነት ይጠቀማሉ። ይህ ቢስተካከልም እንኳ የማጠጋጋት ልዩነት ይቀራል። በኢትዮጵያም በሳዑዲ ዓረቢያም የሚሠራበትን የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 10.10 የሆኑ ሦስት መስመሮች ያሉት ኢንቮይስ፣ ታክሱ በየመስመሩ ተሰልቶ ሲጠጋጋ 1.52 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 4.56 ይመጣል። ታክሱ ከጠቅላላው 30.30 ላይ ከተሰላ ግን 4.55 ነው። ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ነው፤ ሆኖም የተፈረመው ሰነድና የተላከው ኢንቮይስ አይገናኙም፣ የደንበኛው ሒሳብ ክፍልም መልሶ ሊልከው ይችላል።

አራተኛው የቀን ጉዳይ ነው። 05/06 ለአሜሪካዊ የግንቦት ወር ስድስተኛ ቀን፣ ለአውሮፓዊ ደግሞ የሰኔ ወር አምስተኛ ቀን ነው። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ለሚጠቀም ድርጅት ችግሩ ይሰፋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአማርኛ ቁጥሩ 1205/2012 ሲሆን በእንግሊዝኛ 1205/2020 ተብሎ ይጠራል። ሰው ይህን አይቶ ይረዳል፤ ማሽን ግን 2012ን እንደ አውሮፓውያኑ ዓመት ይወስድና ገና ዛሬ የወጣውን ኢንቮይስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈው ዕዳ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ዓመትን፣ ወርን፣ ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል እንዲጻፉ ያዛል። በሁለቱ ሶፍትዌሮች መካከል የሚተላለፈው ቀን በዚህ መልክ ቢሆን፣ የኢትዮጵያ ቀን ደግሞ ለሰው በሚታየው ገጽ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ውዥንብሩ ይቀንሳል።

ፊርማ ገቢ አይደለም

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን የሒሳብ ትርጉም ስሕተት ነው። ደንበኛው 12,000 ዶላር የሚል ሰነድ በመፈረሙ ድርጅቱ 12,000 ዶላር አልገባውም። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 15፣ ገቢ የሚመዘገበው ለደንበኛው ቃል የተገባው አገልግሎት ሲሰጥ ወይም እየተሰጠ ሲሄድ መሆኑን ይደነግጋል።

በሲልቨር ስፕሪንጉ ምሳሌ፣ በቅድሚያ የገባው 6,000 ዶላር መጀመሪያ ላይ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ድርጅቱ ገና የሦስት ወር ጽዳት አለበት። የመጀመሪያው ወር ሲጠናቀቅ 2,000ው ወደ ገቢ ይዞራል፣ 4,000ው ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ፕሮፖዛሉ በተፈረመ ቅጽበት ሙሉውን ገቢ ብሎ እንዲመዘግብ የታዘዘ ሶፍትዌር፣ ባለቤቱን ያልሠራበትን ትርፍ ያሳየዋል። ባለቤቱም በዚያ ቁጥር ተማምኖ መኪና ይገዛል ወይም ሠራተኛ ይቀጥራል። ደንበኛው በሁለተኛው ወር ውሉን ቢያፈርስ የሚመለሰው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

የታክስ ሕግ ደግሞ ሁልጊዜ ከሒሳብ ደረጃው ጋር አብሮ አይሄድም። በአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ መሠረት፣ ቅድመ ክፍያ ሲቀበሉ በተቀበሉት መጠን ላይ ታክሱ የሚጠየቅ ይሆናል፤ አገልግሎቱ ገና ባይሰጥም እንኳ። ስለዚህ አንድ ክፍያ በገቢ መዝገብ «ገና» ሲባል በታክስ መዝገብ «አሁን» ሊባል ይችላል። ይህን ልዩነት ሶፍትዌር በራሱ አይፈርድም። በየአገሩ ሕግ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ አስቀድሞ ደንቡን ማስገባት አለበት።

በዚህ ምክንያት ብዙ የግንኙነት አማራጮች ኢንቮይሱ በረቂቅ መልክ እንዲፈጠር ይፈቅዳሉ። ማሽኑ የመገልበጡን ሥራ ይጨርሳል፤ ሰው ደግሞ ዋጋውን፣ ቀኑንና ታክሱን አይቶ ያጸድቃል። በሦስት ሳምንት ይሠራ የነበረው ሥራ የሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ ፍርዱ ግን በሰው እጅ ይቆያል።

መንግሥታት በመካከል ሲገቡ

ቀድሞ የተሳሳተ ኢንቮይስ በስልክ ይቅርታ ተጠይቆ በሌላ ይተካ ነበር። ይህ ቀላልነት በብዙ አገሮች እያበቃ ነው። ጣሊያን ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ በአገር ውስጥ ድርጅቶች መካከል የሚላላኩት ኢንቮይሶች በመንግሥት የልውውጥ ሥርዓት በኩል እንዲያልፉ አስገድዳለች፤ በዚያ ያላለፈ ኢንቮይስ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ሳዑዲ ዓረቢያ በዲሴምበር 2021 ኢንቮይሶች በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንዲዘጋጁ አዘዘች። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ ግብር ከፋዮች በየተራ ከታክስ ባለሥልጣኑ ሥርዓት ጋር እንዲገናኙ ማድረግ ጀምራለች፤ በድርጅቶች መካከል የሚሰጥ ኢንቮይስ ለገዢው ከመድረሱ በፊት በባለሥልጣኑ መጽደቅ አለበት። በእስራኤል ከግንቦት 2024 ጀምሮ ከተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ በላይ ለሆነ ኢንቮይስ ከታክስ ባለሥልጣኑ የተሰጠ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ገዢው የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረትም ድንበር ተሻጋሪ ለሆነው የድርጅቶች ግብይት ከጁላይ 2030 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስን ግዴታ ለማድረግ ወስኗል።

እነዚህ ሕጎች የሚሉት ኢንቮይስ በኢሜይል የሚላክ የሰነድ ምስል አይደለም። ኮምፒውተር መስክ በመስክ የሚያነበው የመረጃ ፋይል ነው። ሪያድ ወይም ሚላኖ ውስጥ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሶፍትዌሩ በስሕተት የላከው ኢንቮይስ በመንግሥት መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ሰርዞ ማጥፋት የለም፣ ማረሚያ ሰነድ ማውጣት እንጂ።

የፊርማው ሕጋዊነት በአንጻሩ ከብዙ ዓመታት በፊት መልስ አግኝቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጧቸው ሕጎች፣ ኢትዮጵያም በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል።

ቁልፉን ማን ይይዛል?

ሁለቱን ሶፍትዌሮች ለማገናኘት አንዱ ወደ ሌላው የሚገባበት የዲጂታል ቁልፍ ይሰጠዋል። ይህ ቁልፍ የይለፍ ቃል አይደለም፤ የተወሰነ ሥራ ብቻ የሚፈቅድና በማንኛውም ጊዜ ሊነጠቅ የሚችል ፈቃድ ነው። ኢንቮይስ ለመፍጠር ብቻ የሚያስፈልገው ግንኙነት የባንክ መረጃ የመቀየር ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም። ግንኙነቱን ያቋቋመው ሠራተኛ ድርጅቱን ሲለቅም ቁልፉ አብሮ መዘጋት አለበት።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ የንግድ ኢሜይሎችን በመጥለፍ በሚፈጸም ማጭበርበር በ2023 ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ሪፖርት ተደርጓል። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ እውነተኛ በሚመስል ኢንቮይስ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን መለወጥ ነው። በራሱ የሚሠራ ሥርዓት ደንበኛው ኢንቮይስ ሁልጊዜ በአንድ መልክና ከአንድ አድራሻ እንዲጠብቅ በማስለመድ ይጠቅማል። የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል መልእክት ሲመጣ ግን ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥን የሚተካ ሶፍትዌር የለም።

ከመጀመር በፊት

ግንኙነቱን በአንድ ቀን ለሁሉም ደንበኞች መክፈት አይመከርም። አንድ ወር ያህል አሮጌውና አዲሱ አሠራር ጎን ለጎን ቢሄዱ፣ ኢንቮይሶቹም በረቂቅ ብቻ ቢፈጠሩ ጉድለቱ ገንዘብ ሳያስወጣ ይታያል። ለሙከራ የሚመረጡት ደግሞ ቀላሎቹ ሳይሆኑ አስቸጋሪዎቹ ቢሆኑ ይበጃል፦ ቅናሽ የተደረገለት፣ በሁለት ምንዛሪ የሚከፍል፣ ከፈረመ በኋላ ውሉን ያሻሻለ፣ ስሙ በሁለት መልክ የተጻፈ ደንበኛ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን በየሳምንቱ የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በዚህ ሳምንት ስንት ፕሮፖዛል ተፈረመ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ኢንቮይስ ወጣለት? የሁለቱ ጠቅላላ የገንዘብ መጠን እኩል ነው ወይስ ልዩነቱ በቅድመ ክፍያና በታክስ ይብራራል? ቁጥሮቹ ሲገናኙ ባለቤቱ በሰላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳይገናኙ ሲቀሩ ደግሞ ልዩነቱ የተፈጠረው በዚያው ሳምንት ስለሆነ፣ የዓመቱ መጨረሻ ሳይደርስና ኦዲተር ሳይጠይቅ፣ ነገሩ ገና ከሰው ትዝታ ሳይጠፋ ማረም ይቻላል።